ጥላ ለኪው

ከቤተ መጻሕፍቱ በስተግራ፣ ከሦስተኛው መስኮት ሥር፣
እኔ ማኅተም ስመታ፣ የተመለሰውን ስቆጥር፣
ዓመቱን ሙሉ የማያት አንዲት ቁራጭ መሬት አለች፤
መናፈሻ ነበር ስሟ፣ ስሟን ራሷ ረሳች።

ቧንቧዋ አንዴ ሳል ይዞት፣ ዝገት ተፍቶ ዝም አለ፤
አግዳሚዋ እግሩ ተሰብሮ፣ ጡብ ተመርኩዞ ዋለ።
በዚያ ባንካሳ ወንበር፣ ልክ አራት ሰዓት ሲሞላ፣
አቶ እንየው ይቀመጣሉ፣ ከዋንዛዋ ጥላ።
ጡረታ የወጡ ታይፒስት ናቸው፤ ጣታቸው ዛሬም አያርፍም፣
ሲያነቡ ጉልበታቸውን ይመታል፣ አንድ ፊደል አያልፍም።
ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉት ለሌላ ነው፤ ለሊስትሮው፣
ለዘበኛው፣ ለሎተሪ አዟሪው፣ ፊደል ዓይኑ ላይ ለሚሟሟው።
የሞት ማስታወቂያው ጋ ሲደርሱ ብቻ ዝቅ ይላሉ።

ባለፈው መስከረም ማለቂያ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣
ከማዘጋጃ ቤት ጥቅል ወረቀት ይዞ አንድ ልጅ መጣ።
ፕላን አለው። ሰማያዊ መስመር፣ በማስመሪያ የተሰመረ፤
መሃሉ ክብ፣ ዙሪያው አራት አግዳሚ፣ በልክ የተደረደረ።
ያምራል። እውነቴን ነው፤ ሐሰት ምን ያደርግልኛል?
ግን ወረቀት ላይ ፀሐይ አትዞርም፤ ጧትም ማታም እኩል ይነጋል።
ኮሚቴው አጸደቀው። ስብሰባው ላይ ነበርሁ፤ እጄን አወጣሁ።
ማንም የጥላ ነገር አላነሣ፤ እኔም አላነሣሁ።

ከቀሃ ማዶ ባዩህ መጣ፣ ግንበኛ የግንበኛ ልጅ፣
ኖራ የበላው ጣት ያለው፣ ድንጋይ የሚያወጋው እጅ።
መሮውን ቶሎ አላነሣም። አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ዋለ፤
በማግሥቱም፤ በሦስተኛው ቀን ኮሚቴው ‹ምን ነካው?› አለ።
የቀን ሠራተኛዋ ሻሼ አካፋዋን ተደግፋ፣
‹ቁጭ ብሎ ገንዘብ ካለ፣ እኔስ ለምን ልልፋ?›

እኔ ግን ከመስኮቴ አየሁት። በእጁ የኖራ ቁራጭ ነበር፤
አራት ሰዓት ሲል ተነሥቶ የጥላውን ጫፍ ያሰምር፤
ስድስት ሰዓት ላይ ሌላ መስመር፣ ዘጠኝ ላይ ደግሞ ሌላ፤
መሬቱ ላይ ሲጻፍ ዋለ፣ የዋንዛዋ የቀን ጥላ።
ድሮ ቄሱ በፆም ወራት ጥላውን በጫማ ሰፍሮ፣
ቅዳሴ መግቢያውን ያውቅ ነበር፤ እሱም እንዲያው ነው፣ በኖራ ቀምሮ።

ያ ልጅ መጣ፣ ፕላኑን ይዞ። ‹ወንበሩ እዚህ ነው፣ መሃል።›
‹እዚህ ማን ይቀመጣል?› ‹ሰው!› ‹መቼ?› ‹ሁልጊዜ…› ‹እስቲ ቁጭ በል።›
ቁጭ አለ። ሰባት ሰዓት ነው፤ የጥቅምት ፀሐይ ሳትራራ።
ፕላኑን ጠቅልሎ አነሣው፤ ለገዛ ግንባሩ ጥላ ሠራ።
ሻሼ ሳቀች። እሱም ሳቀ። እኔም፣ ከመስኮቱ ወዲህ።

ሥራው ባለበት ሦስት ወር፣ አቶ እንየው ከኔ ዘንድ ዋሉ፤
‹ጸጥታ ይከበር› ሥር ቁጭ ብለው፣ አንብበው ዝም አሉ።
ሊስትሮው በመስታወቱ በኩል፣ በእጁ ‹ምን ይላል?› ሲጠይቅ፣
ደንቡን የለጠፍሁት እኔ፣ ዓይኑን ላለማየት ስጨነቅ።

አሁን አግዳሚው ጥግ ነው፤ ለሚያየው የተንጋደደ፣
ከሦስቱ ወንድሞቹ ተነጥሎ ጥላውን ተከትሎ የሄደ።
ቧንቧው ይፈስሳል፤ ግን ሰኞና ሐሙስ ነው ተራው፤
ጽጌረዳው አልጸደቀም፤ ፍየል ቀድማን ቀመሰችው።
የኖራው መስመር የለም፤ ያልታሰበ ካፊያ አጠበው፤
ጥላው ግን ልኩን አልሳተው።

ትናንት አራት ሰዓት ሲሞላ፣ ሦስተኛውን መስኮት ከፈትሁ፤
‹ሰዓዳ፣ ይቺን ደቃቋን አንብቢልኝ› ሲሉ ሰማሁ።
ልጅቱ ታነባለች፤ የሳቸው ጣት ጉልበት ላይ ይመታል፤
ቃል ስትዘል ይቆማል ጣቱ፤ ተመልሳ ስትይዘው ይቀጥላል።
የሞት ማስታወቂያው ጋ ስትደርስ፣ ማን እንደነገራት እንጃ፣
ድምጿን ዝቅ አደረገች።

እኔም ማኅተሙን
ቀስ ብዬ መታሁ።