ኮረብታው ላይ ይቁም

ከጎማ ጠጋኙ ጎን፣ ከቦርከና ማዶ፣
ቆርቆሮ ክፍል ናት፣ ጣራዋ ሐሩሩን ለምዶ፤
ሁለት ቴሌቪዥን፣ አራት ዱካ አለኝ፣
ሃያ ደቂቃውን በአሥር ብር እሸጣለሁ፣ እሱ ነው የሚያሳድረኝ።
ድምፁን ግን እዘጋለሁ።
የጌሙን ሙዚቃ ማን ሊሰማው ብዬ?
ልጆቹ እንደሆኑ ኳስ ነው ጨዋታቸው፣
ጎል ሲገባ ጩኸት፣ ሲሳት ስድብ ነው ቅኝታቸው፤
እኔም ከስልኬ ላይ የሰርግ ዘፈን ከፍቼ
ሳንቲም እቆጥራለሁ፣ በሩ ላይ ተጎልቼ።

አንድ ጧት መጣች፣ ከሌሊት ፈረቃ፣
ነጠላዋን በወገቧ ታጥቃ፣
የጥጥ ብናኝ ፀጉሯ ላይ፣ ቅንድቧም ላይ ሳይቀር፤
ልጇን ጆሮውን ይዛ ልትወስድ የመጣች መስሎኝ ነበር።
«ማንም የለም» አልኳት። አልሰማችኝም።
አሥራ ሰባት ዓመት ሽመና ክፍል የኖረ ጆሮ
ከሰው ድምፅ ተቆራርጧል፤ ካልጮኹ አይመልስም።

ሉባባ ነው ስሟ። ያን ቀን አልጠየቅኳትም።
ጣቷን ብቻ ቀሰረች፣
ይመር የሚሉት ልጅ ማታ ሰዓቱ አልቆ ትቶት ወደሄደው፦
ሰይፍ ያነገተ ሰውዬ ኮረብታ ላይ ቆሟል፣
ካባውን ነፋስ ይመታዋል፣
ሣሩ ከእግሩ ሥር ይተኛል፣ ይነሣል።
«ድምፁን ክፈትልኝ።»
«መጫወት ትችያለሽ?» ጮህኩ።
«አልጫወትም። አትንካው። ኮረብታው ላይ ይቁም።»
አሥር ብሯን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣
ከብሩ ጎን መዳፏን ዘረጋች።

ከፈትኩት።

መጀመሪያ ከሥር ወፍራም ክሮች ተወጠሩ፣
ድር ሆኑ፤ ጠረጴዛው በእግሮቹ በኩል አጉረመረመ፤
ከዚያ ቫዮሊኖቹ እንደ ማግ ወዲያ ወዲህ ተወረወሩ፤
ጡሩምባው በሐረጎ ዳገት እንደሚወርድ ጭጋግ
ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳይነካ፣ መጣ።
በዚያች ሳጥን ውስጥ ይሄ ሁሉ ሰው እንዳለ
ሦስት ዓመት ሙሉ አላወቅኩም።

ሉባባ ዓይኗን ጨፍናለች። በመዳፏ ነው የምትሰማው።
«ስንት ሰው ነው?» አለችኝ።
«እኔ እንጃ። መቶም ይሆናል።»
«መቶ ሰው ተሰብስቦ
ለቆመ ሰው ይጫወታል?
እኛ ጋ የቆመ ሰው ደሞዙ ይቆረጣል።»

ከዚያ ወዲያ ፈረቃዋ ሌሊት በሆነ ቁጥር መጣች።
ልጆቹ አጉረመረሙ፦ «ሴትዮዋ ጀግናውን አቁማ ልታስረጀው ነው!»
ይመር፣ ዐዋቂው፣ ሊያስረዳት ሞከረ፦
ከኮረብታው ብትወርጂ ጠላት አለ፣
ያኔ ከበሮው ይመጣል፣ ደም ያፈላል አለ።
ሳቀች። «ከበሮውንማ ሌሊቱን ሙሉ ስሰማው አደርኩ።»

አንድ ቀን ድንገት መዳፏን አነሣች፦
«እዚህ ጋ ተቋጥሯል።»
«ምኑ?»
«ክሩ። አልቆበት ከመነሻው ጋር ቀጥሎታል፤
ሸማኔው ጎበዝ ነው፣ ግን ቋጠሮው ይታወቃል።»
ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ። እውነቷን ነው፤
በየአራት ደቂቃው ዜማው ዞሮ የራሱን ጫፍ ይይዛል።
ከዚያን ቀን ወዲህ ሳልሰማው ማለፍ አቃተኝ፣
ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር።

መብራት የጠፋ ዕለት እንኳ አልተነሣችም።
ስክሪኑ ጠቁሮ፣ ጎረቤቴ ጎማ በእጁ ሲነፋ፣
መዳፏ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤
የቀረውን እየጨረሰች ይሆናል።
ብሯን ልመልስላት ስል «ሰምቼዋለሁ» አለች።

ከመስከረም ወዲህ አልመጣችም።
አንዱ ፈረቃዋ ተቀየረ ይላል፣ አንዱ ሐርቡ እህቷ ጋ ገባች።
የፋብሪካው በር ላይ ሁለት ጧት ቆሜ አየሁ፤
ሴቶቹ ተግተልትለው ወጡ፣
ከጥጡ ሥር የማን ፊት የማን እንደሆነ አይለይም።

አሁን ማለዳ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ በሩን ስከፍት
አንደኛውን ቴሌቪዥን አበራለሁ፣
ሰውዬውን ኮረብታው ላይ አወጣዋለሁ፣
ድምፁን እለቃለሁ።
ይመር ብሩን ጨብጦ ይመጣል። «ማነው የሚጫወተው?»
ዱካው ባዶ ነው።
«ተይዟል» እለዋለሁ።
«እስከ መቼ?»

ሣሩ ይተኛል፣ ይነሣል።