ገና

ስሙኒ የሚያህል ክብ ጨርቅ፣ ጠርዙ የተጠለፈ፣
በስካውት ልጅ ደረት ስንት ዝናብ ያሳለፈ፤
ዱሉት፣ ሐይቁ ዳር፣ ኦርቪን ከመስታወት ሥር ደርድሯል፤
መቶ አሥራ ሰባቱን ትናንት ማታም ቆጥሯል።
ዋናተኛ፣ ምግብ አብሳይ፣ መልእክተኛ፣ ቋጠሮ፤
ሁሉም የግዥ ነው፣ ከጨረታ፣ ከሰው ጓሮ።
የገዛ ጫማውን እንኳ
ሲግኔ ናት የምታስርለት።

ዛሬ ከካርቶን ሥር አንዲት ደብተር፤
የርግብ አርቢ ባጅ፣ የጥንቱ ዝርዝር፦
«አንድ፦ ቤቷን ሥራ። ሁለት፦ እህሏን እወቅ።
ሦስት፦ አሥር ማይል ርቀህ ልቀቅ።
አራት፦ ጣራ ሥር ቁጭ ብለህ ጠብቅ።»

ሦስቱ በእርሳስ ተጭረዋል። ከአራተኛው ግርጌ
በልጅ እጅ ጽሕፈት፦ «ገና አልመጣችም።»

ኦርቪን ወንበር ይዞ በረንዳ ወጣ።
«ሾርባው በረደኮ!» አለች ሲግኔ።
አንገቱን ወደ ሐይቁ ሰማይ አቀና፤
«አልመጣችም» አላት፣ «ገና።»