ቅዳሜ፣ ቀሃ ዳር

ሰኞ ታርጌት አለን፣ ማክሰኞ ስብሰባ፤
ለሳሙና ለዘይት ቃላት ስንቀባባ
ዓርብ ይመሻል።
ቅዳሜ ማንደፍሮ ጓንት አደለና
ቀሃ አወረደን፣ ቦዩ ተደፍኗልና።
«ቲሸርቱ ይታይ!» ይላል፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ፤
የሒሳቧ ትርንጎ
ቀሚሷን ሰብስባ ገባች እስከ ጉልበት፣
ከፎቶው ጠርዝ ውጪ፣ ማንም ሳያያት።
«ያዙኝ!» አለች። ያዝናት። ጎተትን። ጎተትን።
ጭቃ የጠጣ ሸራ። ዘርግተን አጠብን።
ፊደሉን አወቅሁት፤ እኔው የመረጥኩት፣
አምና፣ ለክረምቱ፣ ፒያሳ የሰቀልኩት፦
«ጎንደር ትጽዳ!»

ማንም አልተናገረ።
ማንደፍሮ ስልኩን ኪሱ ከተተ፣
ጫማውን አወለቀ።

ውኃው ሲንፎለፎል ድንች ሻጯ መጣች፤
«ይሄን ለዳሴ» ብላ ሸራውን ለመነች።
ወጠረችው እዚያው፣
ጽሑፉን
ወደ ውስጥ አዙራ።