የኪራይ ሰዓት

ሸምሱ ነበር ያኔ ዝዋይ የሚያከራይ፣
አንድ ዓይኑን ሰዓት ላይ፣ አንዱን መንገዱ ላይ።
ሦስት ብስክሌት ነበር፣ ፍሬን የሌላቸው፤
ጫማችን ነበረ የሚያቆማቸው።
በስሙኒ ኪራይ ግማሽ ሰዓት ገዝተን፣
እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ ነፋስ ተከራይተን፣
ገና ፊታችን ላይ ነፋሱ ሳይጠና፣
«ውረጂ» ይለኛል፣ «ሰዓትሽ አልቋልና!»

ያ ድምፅ ከጆሮዬ ሳይወጣ አርባ ዓመት፣
እነሆ ዳኑብ ዳር፣ በራሴ ብስክሌት።

ከናንት ተነሥቼ፣ ከውቅያኖስ ጫፍ፣
ድንኳን ከኋላዬ፣ ካርታ ከመሪው አፋፍ፣
ጉልበቴን እያሸሁ ስንቱን አገር አለፍኩ፣
«ውሃ» እና «ይቅርታ»ን በአራት ቋንቋ ለመድኩ።
የፈረንሳይ ውሻ አጥር ሥር ይጮኻል፣
የጀርመኑ ውሻ ቆሞ ሕግ ያነባል።
ስሎቫክያ ላይ አንዲት ሴት በመስኮት ብቅ አለች፣
ቲማቲም ወርውራ መስኮቷን ዘጋች፤
እስካሁን አላውቅም ሰጥታኝ ይሁን መትታኝ፣
ጨው ነስንሼ በላሁት ራብ ስለጠናብኝ።
ዳገት እንኳ ያልቃል፤ ጫፍ አለው ቢረዝም፤
የሃንጋሪ ሜዳ ግን ማለቅ አያውቅም።

ቪዛዬ ላይ ያለው ዘጠና ቀን ነበር፤
ስነሣ በዛብኝ፣ ስሄድ ያንስ ጀመር።
ሰማንያ ዘጠኙን ቆጥሬ ስጨርስ፣
ሞሃች አሳደረኝ ዝናብ ሲመላለስ።
አንድ ቀን ቀረኝ።
አንድ መሻገሪያ ጀልባ፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር፣
ከዚያ ሰርቢያ፣ ሌላ ማኅተም፣ ሌላ ቁጥር።

ማለዳ ወጥቼ ፔዳሉን ብገፋ፣
ካቴናው ተበጥሶ እግሬ አየር ገፋ።
«ካቴናዬ ተበጠሰ» ስንቱ እልል ይልበታል፤
እኔን ግን በዚያ ቀን እጅ እግር አስሮኛል።

ከተማውን ዞርኩት ብስክሌት ገፍቼ፣
ዴዦን አገኘሁት ረፋዱን አጥፍቼ።
ካቴናዬን ወስዶ ናፍጣ ውስጥ ዘፈቀ፤
የቀትር ደወል ሰማ፣ እጁን ተለቃለቀ።
«ዛሬ ነው የሚያልቀው!» አልኩት ባማርኛ፤
እሱም መለሰልኝ በረጅም ሃንጋርኛ።
ማኅተሙን አሳየሁት፤ እሱ ሆዱን አሳየኝ፤
ከጓሮ ገባና አሮጌ ብስክሌት ሰጠኝ፤
ዱሮ ቀይ የነበረች፣ ፓራፋንጎዋ የተሰነጠቀ፣
ኮርቻዋ በጨርቅ የተጠመጠመ።
የእጅ ሰዓቱን መታ መታ አድርጎ
ክቡን በጣቱ ለሁለት ከፈለው፤
ግማሽ ሰዓት።

ሸምሱ!

ጓዝ የለ፣ ድንኳን የለ፣ ካርታ የለ ከፊቴ፤
ካኻያው እስከ ጀልባው ደርሶ መልስ፣ ቀለለኝ ጉልበቴ።
ፍሬኗ አልሠራ አለኝ፤ በጫማዬ አቆምኳት፤
የሐይቁን ጭቃ ሽታ ሞሃች ላይ አሸተትኩት።
ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ለመድረስ ነበር የነዳሁ፤
ያቺን ግማሽ ሰዓት ግን ለመንዳት ብቻ ነዳሁ።

ስመለስ ዴዦ በር ላይ ቆሟል፣
የዳቦ ፍርፋሪ ከጢሙ ሳይራገፍ።
«ውረጂ» አላለኝም። እኔው ወረድኩ።
ካቴናው መሃል ላይ ቀጥሎበታል
አንዲት ዝገታም ቀለበት፤
የማን ብስክሌት እንደነበረች ማን ይጠይቃል?
ሂሳቡን ተቀበለ፤ መልሱን ቆጥሮ ሰጠኝ፤
ስለ ቀይዋ ኪራይ ግን ሳንቲም አልጠየቀኝ።

ማታ ኬላው ላይ አንድ ወጣት ዘብ ቆጠረ፣
ገጹን ወደ መብራት ይዞ እየመረመረ።
«ዘጠና» አለና ቀና አለ በዝምታ፤
«ውረጂ» እስኪል ድረስ ጠበቅኩት ላንድ አፍታ።
ማኅተሙ ወደቀ።

ጫማዬን፣ ያን የዱሮ ፍሬኔን፣ ከመሬት አነሣሁት።
ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው፤
የሰርቢያ ውሻ እንዴት እንደሚጮህ ገና አልሰማሁም።
ከሥሬ ያቺ ዝገታም ቀለበት ብቻ
በየዙሩ አንዴ ቀጭ ትላለች፤
እየቆጠረች ይሁን እየረሳች፣ እንጃ።