ማንም የማይቀመጥባት በርጩማ

ክረምቱ አዌቱን ከድልድዩ ሥር ያስጮኸዋል፤
እኔ ቆጪ፣ በኪራይ ክፍሌ፣ ብርሃን እገራለሁ።
ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናቡ ከጣቶቼ ይፈጥናል።
እንጨት የለኝም፤ መጥረቢያ የለኝም፤ መሮ የለኝም፤
ያለኝ ቁጥር ነው፣ ከዜሮ እስከ አንድ፣ ከአንድ አያልፍም።

ሰው ሁሉ ሼደሩን የሚሞክረው በኳስ ነው፤
ልሙጥ ክብ፣ አገር የሌለው፣ አቧራ ያላወቀው።
እኔ ኳሱን ጥዬ በርጩማ አስገባሁ፤
ከአንድ ግንድ ዋንዛ ወጣች ብዬ
ሦስት እግር ሰጠኋት፣ መሐሏን እንደ እፍኝ አጎደጎድሁ።
በትንሿ መስኮት ቀስ ብላ ትዞራለች፤
ከግራ የሚመጣ የውሸት ፀሐይ ትሞቃለች።

ከሥሯ አራት ተንሸራታች አለ፦
ሸካራነት፤ ወዝ፤ እርጥበት፤
አራተኛው ገና ስም ያልወጣለት።
«ተግብር» የሚል ቁልፍ የለም። ጣት ሳይነሳ
እንጨቱ ናስ ይሆናል፣ ናሱ ማር፣
ማሩ ከውኃ የወጣ የቦዬ ጉማሬ ጀርባ።
መጠበቅ የገባበት ጨዋታ ወረፋ ነው፤
ወረፋማ ሞልቶን የለ፣ ቀበሌ አለ፣ ባንክ አለ።

ሲትራ የአከራዬ ልጅ ናት፤ ሰባት ዓመቷ፤
ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል።
«ይሄ ምን ያደርጋል?» አትልም፤ ትጎትተዋለች።
ከሣጥኑ ገብታ ቅናሽ ዘጠኝ ጻፈች፤
ብርሃኑ ወደ ውስጥ ፈሰሰ፣
በርጩማዋ ከጥላዋ ይልቅ ጠቆረች።
ስህተቱን ልዘጋ እጄን ሰደድሁ፤
«ተዪው! ተዪው! ፀሐይ እየጠጣች ነው!» ብላ ጮኸች።
ማታ፣ ብቻዬን ስሆን፣
«ከዜሮ አይነስ፣ ከአንድ አይብለጥ» የሚለውን መስመር
ከኮዱ ሰረዝሁት።

አባ ፊጣ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ መጣ፤
በጅሬን መንገድ ዕድሜውን ሙሉ እንጨት የፈለፈለ፣
መነጽሩን በሲባጎ ያሰረ።
ለእኔ ክፍል ወንበር እንደማይበቃ ያውቃልና
የራሱን በርጩማ በብብቱ ይዟል።
ተቀመጠ። ስክሪኑን አየ። ረጅም ጊዜ አየ።
«ደግ ናት። ግን ማን ተቀምጦባት ያውቃል?»
ወዙን እስከ ጫፍ ጎትቼ አሳየሁት።
«እሱማ ቫርኒሽ ነው፣ ልጄ። ወዝ አይቀባም።
ወዝ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ከቂጥ ነው የሚመጣ።»

አራተኛው ስሙን እንዲያ አገኘ፦
«ስንት ዓመት ተቀመጡባት?»
ዜሮ ላይ የመሮው ጥርስ ይታያል፣ እንጨቱ ይቧጥጣል።
ዐሥር ላይ ጠርዟ ይለሰልሳል።
አርባ ላይ መሐሏ እንደ ዓይን ያበራል፣
አንዱ እግሯም በግራ በኩል ተበልቶ ያጥራል።
አባ ፊጣ ሳቀ፦ «ያንቺ ሰውዬ ወደ ግራ ያዘነብላል። ማን ነው?»
«ማንም አይደለም፣ አባ፤ ነሲብ ነው፤ ቁጥር ነው።»
«ነሲብም ይደክመዋል በይኛ!»

ይሄኔ መብራት ጠፋ።
የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ዓመቱ ነው፤
ናሱም፣ ማሩም፣ አርባው ዓመትም አብረው ሄዱ።
ዝናቡ ብቻ ቀረ፣ የሦስታችን ትንፋሽም።

ከታች ባጃጅ መጣ፤
መብራቱ በመስኮቱ ገብቶ ግድግዳውን ላሰና
አባ ፊጣ በተነሳባት በርጩማ ጠርዝ ላይ ሮጠ፤
ጎድጓዳዋ ውስጥ አንድ ጊዜ ተኛ፤
በግራው እግር በኩል ወርዶ ጠፋ።
ማንም አላሰላውም። ምንም አልዘገየም።
እኔ ምንም አላልሁም።

ሲትራ በጨለማው ዳበሰች፤
በርጩማዋን ትንሽ፣ ሩብ ዙር ያህል፣ አዞረቻት።
«አሁን ደግሞ ቆዩ» አለች፣ «ሌላ ይመጣል።»