ኮምፓሱ የዋሸ ዕለት

ጣርማበር አናት ላይ ኮምፓሴ ዋሸኝ፤
"ሰሜን ነው" ብሎ ወደ ደብረ ሲና ገደል መራኝ።
መርፌዋ ስትዋልል እንደ ሰከረ ሰው፣
ከጥቁሩ አለት ሥር የተቀመጡ ሽማግሌ ሳቁና "ተወው፣
እሷ ምን ታድርግ? ዘመዷን አይታ ነው" አሉ፤
መዶሻቸውን አስቀምጠው ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ።

ጋሽ ሞላልኝ ይባላሉ። አርባ ዓመት ድንጋይ ጠርበዋል።
ከግራ እጃቸው ሁለት ጣት አለቱ ወስዷል፤
ጆሯቸውን ደግሞ መዶሻው፣ በየቀኑ እየቆነጠረ።
ጮኼ አስረዳኋቸው፤ ንፋሱ ግማሹን ቃል ገደል ወረወረ፦

"ባዛልት ነው፤ ብረት የጠገበ፣ በሲሊካ ድሃ፤
ድሃ ስለሆነም ቀጠነ፣ ፈሰሰ እንደ ውኃ፤
በምድር ስንጥቅ ወጥቶ፣ ያለ ነጋሪት ያለ አዋጅ፣
አገሩን አለበሰ፣ እሳት ሆኖ ወራጅ።
ሲበርድ ተኮማተረ፤ ተሰነጠቀ ባለ ስድስት ጎን ዓምድ፣
መሮ ሳይነካው ቆመ፣ ትከሻ ለትከሻ እንደ ዘመድ።"

ሌንሴን አቀበልኳቸው። "አረንጓዴዋ ነጥብ ኦሊቪን ትባላለች።"
"እኔ ዘንድ ጤናዳም ነው ስሟ፤ ፀሐይ ሲወጣ ትስቃለች።"

ከዚያ ተነሱ። ሦስት ጠፍጣፋ አለት በጠፍር ሰቅለዋል፤
ለቆላው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ነሐሱ ደወል ተሰንጥቋል።

አንደኛውን መቱት፦ ዱፍ።
"ይሄ ሲወለድ ትንፋሽ ውጧል፤ ሆዱ ወንፊት ነው፣ እርገፍ።"
ሁለተኛውን፦ ቀጭ። "ውኃ ገብቶበት ብረቱ ዝጓል፤ ከውስጥ እየቀላ
ነገ አፈር ነው፤ ከነገ ወዲያ ገብስ፤ ተወው ይብላላ።"

ሦስተኛው ጮኸ።
ጩኸቱ ገደሉን ተሻግሮ፣ ጉሙን ቀዶ፣
ዘግይቶ ተመለሰልን ከማዶ።
የመቱት ሽማግሌ ግን አልሰሙም። መዳፋቸውን ለጠፉበት፣
ቀጥለው ጥርሳቸውን፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ ንዝረቱ እስኪሞትበት።

"ንጹሕ ነው" አሉ።

በማስታወሻዬ ጻፍኩ፦ ጥቁር፤ ቅንጣቱ የደቀቀ፤ ክብደቱ የውኃ ሦስት እጥፍ ግድም።
"ድምፅ" የሚል ሰንጠረዥ ቅጹ ላይ የለም።

መቶ እርምጃ ስርቅ መርፌዋ ረጋች፤ ሰሜንም ወደ ቦታው ገባ።
ዞር ብዬ አየሁ፤ ጋሽ ሞላልኝ የዛገውን አለት ቁልቁል ለቀቁት፤
ተንከባሎ ቆመ፣ በሰው ማሳ፣ ከባቄላ አበባ።