ማጥቀሻ

ዘንድሮ እንቁጣጣሽ ረቡዕ ላይ ዋለ፤
የዶሮው ዕድሜ ባንድ ሌሊት ተቀጠለ።
በረንዳዬ ላይ ነው፣ ከጄሪካኑ ጥግ፣
እግሩን ታስሮ ይጮኻል እንደ ባለማዕረግ።

ኮዬ ፈጬ። ብሎክ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት።
አራተኛ ፎቅ ነኝ፤ ደረጃው ሰባ ሁለት፣
ውሃ በሳምንት አንዴ፣ እሱም በሌሊት።

ጋሽ ድልነሳሁ መጡ፣ የብሎኩ ኮሚቴ፣
ደብተር ሸጉጠው በብብት ደረሱ እቤቴ፦
"ድፎው ከሙላቷ፣ ከኸይሪያ ሳምቡሳ፣
ከሌንሴ ለስላሳ፣
ካንቺስ ምን ልጻፍ?" አሉኝ፣ እስክሪፕቶው ሳይነሳ።

ደሞዜ ለዶሮው፣ ለዘይት፣ ለልጄ ጫማ ሄዷል፤
ሁለት መቶ ብሮች ቀርተዋል፣ አንዷን ፕላስተር ይዟታል።

"ማጥቀሻ" አልኳቸው።
ጻፉ። ቀና አሉ።
"ምን የሚያጠቅሱበት?"
"ቺፕስ።"
ቃሉን እንደ ጠጠር ባፋቸው እያገላበጡት
ሰባ ሁለቱን ደረጃ ወርደው ጨረሱት።

ማጥቀሻ ቀላል ነው፤ እሳት አይፈልግም፣
መብራት ኃይል ደግሞ በበዓል አይታመንም።

አቮካዶ ሦስት፣ ሲጫኑት እሺ የሚል፣
ከቱሉ ዲምቱ ጋሪ፣ የዋጋው ጭቅጭቅ ሳይጎድል፤
በሹካ ይጨፍለቅ፣ ግን እንዳይልም ጭራሽ፤
ሎሚ፣ ጨው፣ የደቀቀ ቃሪያ፤ በቃሽ።
ፍሬዋን አትጣዪ፣ መሃል ላይ ትቀመጥ፤
ፊቱን ከመጥቆር ታድናለች ይላሉ፤ እኔ ግን ለጌጥ።

ሁለተኛው ሰናፍጭ፤ ለብ ባለ ውሃ ይበጠበጣል፣
ነጭ ሽንኩርት ይነካዋል፣ የዘይት ጠብታ ይወርድበታል፤
ከዚያ ወዲያ ዞር ማለት ነው። አፍንጫ ይይዛል፤
ማልቀሻ ያጣ ሰው በሱ አሳብቦ ያነባል።

ሦስተኛውን ልንገርሽ፣ ቀስ ብዬ፣ ቀርቤ፦
የኦቾሎኒ ቅቤ።
ስሙ ፈሰከ እንጂ እሱስ ጾመኛ ነው፤
ሎሚና ሚጥሚጣ፤ ውሃው ማቅጠኛ ነው።

ቺፕሱን ከትምህርት ቤቱ በር፣ ከምትጠብሰው ልጅ፣
ዐሥር ፌስታል ገዛሁ፣ አንዱን መርቃኝ በእጅ።

ማታ በኮሙናሉ፣ "እንኳን አደረሳችሁ" ተብሎ ሳያልቅ
መብራት ሄደ።
አንድም ሰው አልደነቀው። ስልኮች ወጡ፤
ግድግዳው ላይ ጥላችን ከኛ በላይ ረዘመ፣
እጆች ወደ ሳህኖቹ ወረዱ።

ኸይሪያ አቮካዶውን በሳምቡሳዋ አጠቀሰች።
እትዬ ሙላቷ ድፎ ቆርሳ ኦቾሎኒው ውስጥ ነከረች፣
"ምንድን ነው ያልሽኝ? ቅቤ?" ብላ ቆም አለች፣
ነገርኳት፤
ደግማ አጠቀሰች።

ጋሽ ድልነሳሁ ከአበው ተረት ይጠቅሳሉ።
ሌንሴ ለዘበኛው ልጅ በዓይኗ ትጠቅሳለች፣
ጨለማ ነው ብላ፣ ከስልኮቹ ሁሉ ፊት።
እኛ እናጠቅሳለን።
አንድ ግስ ስንት እጅ አለው!

ከበሬ ፊት ለፊት የሚኖር ሰው አለ፤
ሁለት ዓመት ሙሉ በጫማው ብቻ የማውቀው፣
ደጁ ላይ በሚቆም፣ የኮዬ ጭቃ በማይለቀው ጫማ።
ቺፕሱ ሰናፍጩ ውስጥ ተሰበረበት።
በጣቱ ሊያወጣ ሞከረ፣ ቀመሰው፣
ዓይኑ ሞላ፣ ሞልቶም አልቆመ።
"ይቅርታ፣ ሰናፍጩ ነው።"
"አዎ፣ ሰናፍጩ ነው" አልኩት፤
ሰናፍጭ እስከዚህ እንደማያስለቅስ
የበጠበጥኩት እኔ እያወቅሁ።
ሰፋ ያለ ቺፕስ መርጬ ሰጠሁት።

ደረጃውን አብረን ወጣን።
ስሙን የነገረኝ ስልሳ ምናምነኛው ላይ ነው፣
ትንፋሽ ሲያጥረን፦ ጋረደው።
ሌላ አልጠየቅሁትም።

በማግስቱ የጋሽ ድልነሳሁን ደብተር አየሁት፤
ከስሜ ትይዩ፣ በቀይ እስክሪፕቶ፦
"ማጥቀሻ። አልተረፈም።"

ያን ሌሊት ግን፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣
ሐሙስ ሲገባ፣
በረንዳው ላይ ዶሮው ዝም አለ።